ድምፄ የተሸጠበት ክሪክ

አበልጄ ድምፄን ሸጠብኝ። የሸጠው ሳይጠይቀኝ ነው፤ የገዙትም ክሪክ፣ የመኪና ማንሻውን፣ የሚነግዱ ሰዎች ናቸው። አይሆንም ያልኩትን ክሪክ ይሆናል ያልኩ አስመስሎ በቪዲዮ አወጣው። ያንን አይቶ የገዛ አንድ የልጆች አባት እጁ ተቀጠቀጠ። በደሉ ይኸው ነው፤ ማድመቂያ አያስፈልገውም። ከዚህ በታች የምጽፈው እንዴት እንደሆነ ብቻ ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ስለሆነ አጻጻፌ ንግግሬን ቢመስል አይግረማችሁ። ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። ዲቪ የደረሳት ባለቤቴ ናት፤ እኔ የእሷ ባል ተብዬ ነው አትላንታ የገባሁት። መጀመሪያ የተከራየነው ቡፎርድ ሃይዌይ ዳር ካሉት አፓርታማዎች አንዱን ነበር። ከእኛ በላይ የሚኖረው ሰውዬ አገር ቤት አስተማሪ ነበር፤ እዚህ የመኪና ማቆሚያ ትኬት ይቆርጣል። አንድ ቀን የድሪል ካርቶን ይዤ ወጣሁና ከጀርባው ያለውን አንብብልኝ አልኩት። አንብቦ ሲጨርስ ዓይኔን አየት አደረገና፣ «አማርኛውስ?» አለኝ። እሱንም አልችልም አልኩት። አልሳቀብኝም። ካርቶኑን ቀደደና በነጩ በኩል ሀ ሁ ጻፈልኝ። እያንዳንዱ የዕቃ ካርቶን ባለቀ ቁጥር እየቀደደ ይጽፍልኛል፤ እኔ እወስዳለሁ፣ ኩሽና ውስጥ እለጥፋለሁ። ባለቤቴ፣ «ቤቱ መጋዘን መሰለ» ትል ነበር። ከዓመት በኋላ ጋዜጣ አነበብኩ። ከዚያ ወዲህ ያ ሰው ገደል ግባ ቢለኝ ጥልቀቱን አልጠይቀውም ነበር።

ወንድ ልጅ ሲወለድለት ክርስትና አንሣልኝ አለኝ። በአርባ ቀኑ አቅፌ አነሣሁት። እንዲህ ነው አበልጅ የሆንነው። የማታውቁ ካላችሁ፣ አበልጅ ከወንድም አያንስም። ወንድም ይጣላል፤ አበልጅ መሐል ግን እግዚአብሔር አለ እንላለን።

ኋላ እኔ ታከር የሚባለው ሰፈር ቤት ገዛሁ። ሥራዬ የሰው ቤት መጠገን ነው፤ በር፣ ወለል፣ ቧንቧ። ቅዳሜ ቅዳሜ የጋራዤን በር ስከፍት ሰው ይመጣል። የሚመጣው ለጥገና አይደለም። ገና ከአገር የገባ፣ ቀለም ቀቢ ልሁን የሚል፣ መኪና ገዝቶ መሣሪያ የሌለው፣ ሁሉም ኪሱ ሳስቶ ስለሆነ የቱን ርካሽ ልግዛ ብሎ ሊጠይቀኝ ነው። ርካሽ ሁሉ መጥፎ ነው የሚል ሰው ወይ ሀብታም ነው ወይ ሻጭ። ርካሹን መግዛት ይቻላል፤ ግን የቱ ላይ እንደምትሰስት ማወቅ አለብህ።

የሚጠፋ ነገር ከሆነ ርካሹን ግዛ እላቸዋለሁ። ሜትር ይጠፋል፣ ካቻቢቴ ይጠፋል፤ ውዱን ብትገዛም ርካሹን ብትገዛም እኩል ነው የሚጠፋው። መዶሻ ርካሽ ቢሆን ችግር የለም፤ የእንጨቱን መስመር እየው፣ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ካለ ውሰደው፣ ከተጠማዘዘ ግን ጭንቅላቱ አንድ ቀን ጎረቤትህ ጋ ይሄዳል። ፒንሳ ጥርሱን ገጥመህ ወደ መብራት አንሣው፤ መሐሉ ብርሃን ካሳለፈ መልሰህ ስቀለው። ቡሾላ፣ የብሎን መፍቻውን፣ በትልቅ ሳጥን ደርድረው ሲሸጡልህ አትጎምጅ። ከዚያ ሁሉ የምትፈልጋት ጥቂቷን ናት፣ ቀድማ የምትሰነጠቀውም እሷው ናት። በባትሪ የሚሠራ ዕቃ ስትገዛ ደግሞ ዕቃውን ሳይሆን ባትሪውን ምረጥ፤ የአንዱን ኩባንያ ባትሪ ገዛህ ማለት አገባኸው ማለት ነው።

መሰላልና ክሪክ ላይ ግን ቀልድ የለኝም። አንተን የሚሸከምና አንተ ላይ ሊወድቅ የሚችል ነገር በርካሽ አይገዛም። ገንዘብ ከሌለህ ተዋስ። ከእኔ ተዋስ። ስንቱ ከእኔ ክሪክ ተውሶ ሄዷል።

አበልጄ ትኬት መቁረጡን ከተወ በኋላ የዩቲዩብ ቻናል ከፈተ። መጀመሪያ ስለ መኖሪያ ወረቀት ጉዳይ፣ ስለ መንጃ ፈቃድ ያወራ ነበር፤ ሰው አላየለትም። አንድ ቅዳሜ ጋራዤ ውስጥ ተቀምጦ እኔ ከሰው ጋር ስከራከር ሲሰማ ቆየና፣ «ይኼን እኮ መቅረጽ ነው፤ ምን አለበት፣ ሕዝብ ይጠቀም» አለኝ። እኔም ምን አለበት አልኩ።

ባለቤቴ ማታ፣ «ወረቀት ተፈራረሙ እንጂ» አለችኝ።

«ከአበልጅ ጋር?»

«አሜሪካ ነው ያለነው።»

«ክርስትና አንሥቼለት ወረቀት? ሰው ምን ይለናል?» ብዬ ተቆጣሁ። እሷም ተወችው። እኛ ሰዎች ለኪራይ ቤት እንፈርማለን፣ ለስልክ እንፈርማለን፤ ለወዳጅ መፈረም ነውር ነው። ይኼን ነውር አበልጄም ያውቀው ነበር፤ አስተማሪ አይደል?

የክሪኩ ቪዲዮ የተቀረጸው እንዲህ ነው። ሁለት ክሪክ ፊቴ ደረደረ። አንዱ ከእኔው ጋራዥ የተነሣ አሮጌ፣ ለብቻ ለማንሣት ወገብ የሚፈትን፣ ብየዳው ወፍራም። ሌላው ቀይ፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በአንድ እጅ የሚነሣ። ቀዩን ገለበጥኩት። ብየዳው ነጠብጣብ ነው፣ እስከ ጫፍ አልሄደም። ፓምፕ አድርጌ መኪናዬን አነሣሁበትና ጎማው ከመሬት ሲለቅ የደረሰበትን ከፍታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ጠበቅኩ። ሻይ ሳልጨርስ ዝቅ ማለት ጀምሯል፤ ውስጡ ያለው ጎሚኒ፣ የላስቲክ ማሸጊያው፣ ዘይት አይዝም። «ይኼ ክሪክ አይደለም፤ ክሪክ የሚመስል ነገር ነው፤ ልጅ ያለው ሰው አይግዛው» አልኩ። ወደ አሮጌው ዞርኩና፣ «ይኼን ግን መደገፊያ ስታንድ ካደረግክለት ዓይኔን ጨፍኜ እሥሩ እገባለሁ» አልኩ። አበልጄ ስልኩን ይዞ ፈገግ እያለ ነበር። «በጣም አሪፍ፤ ግሩም ተናግረሃል» አለኝ። ምሳ በልተን ሄደ።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ቀኝ እጁ በፋሻ የተጠቀለለ ሰው በግራ እጁ ቀዩን ክሪክ አንጠልጥሎ መጣ። ወሎዬ ነው፤ እዚህ ልጆቹን ይዞ ሰው በማመላለስ የሚያድር ሹፌር። ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ሰላም አላለኝም። ክሪኩን እግሬ ሥር አስቀመጠው።

«የቪዲዮው ሰውዬ እርስዎ ነዎት?»

«የቱ ቪዲዮ?»

«ድምፅዎ እሱ ነው፤ እርስዎ ነዎት። ዓይኔን ጨፍኜ እገባለሁ አላሉም?»

«ብያለሁ። በዚህ ግን አላልኩም።»

ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «በዚህ ነው ያሉት ጋሼ። እኔ ዓይኔን እንኳ አልጨፈንኩም፤ እጄን ብቻ ነው ያስገባሁት» አለ።

ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ጎማው ተነፈሰበት፣ መንገድ ዳር ሱቆች ፊት ለፊት ፓርክ አደረገ፣ በቀዩ ክሪክ አነሣው። ጎማውን ፈትቶ አዲሱን ሲያስገባ ክሪኩ ሰመጠና እጁ በጎማውና በመኪናው መሐል ቀረ። ሰዎች ናቸው ተሯሩጠው ያወጡት። ጣቶቹ ተሰብረዋል። መንዳት አይችልም፤ ካልነዳ ደግሞ አያድርም።

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ስክሪኑ ላይ ቀዩ ክሪክ ብቻውን ይሽከረከራል፤ ድምፁ የእኔ ነው። «ይኼን ግን ዓይኔን ጨፍኜ እሥሩ እገባለሁ።» መደገፊያ ስታንድ ያልኩት የለም። ልጅ ያለው ሰው አይግዛው ያልኩት የለም። ከሥር መግዣው ሊንክ አለ። በገዛ ድምፄ ስሰደብ የመጀመሪያዬ ነው። ደግሞ ድምፄ ደስተኛ ነበር፤ ያ ነው ያበሸቀኝ።

ሹፌሩን፣ «ይኼን ያደረገውን ሰው አመጣልሃለሁ፤ ስጠኝ ትንሽ ጊዜ» አልኩት።

«ጊዜ አለኝ» አለ እጁን እያሳየኝ። «ሌላ ምን አለኝ።»

የክርስትና ልጄ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። ሳንዲ ስፕሪንግስ ቢሮ ይሠራል፤ ለአባቱ ቪዲዮ የሚቆርጥለትም እሱ ነው። ደውዬለት ከሕንፃው ወጣና ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬ ገብቶ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ላይክ፣ እኔ ኮንቴንቱን አላሰብኩበትም። አባዬ ክሊፖቹን ላከ፣ እዚህ ጋ ከት አድርግ፣ ይኼን እዚያ ሙቭ አድርግ አለኝ። ኤዲት አደረግኩት።»

«የምናገረውን አልሰማህም?»

«ሰማሁ፣ ባት... ስፖንሰር አለው አለኝ። ኖርማል ነው ሲለኝ ኖርማል ነው ብዬ ነው።»

«ያልተቆረጠው አለህ?»

ወደ መስኮቱ ዞረ። «ዲሊት አድርገው አለኝ።»

«አደረግከው?»

«አደረግኩት። ሶሪ ጋሼ። ሪሊ።»

ዓይኑ ውሃ ሞላ። ሰው ፊት ቀርበህ ይኼንኑ ትናገርልኛለህ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አላልኩትም። ልጅን በአባቱ ላይ ምስክር አላቆምም፤ ያውም እኔ ያነሣሁትን ልጅ። ሂድ ሥራህን ሥራ አልኩት። በዚህች ደቂቃ ማስረጃዬን በገዛ እጄ ወደ ሕንፃው መልሼ ላክሁ።

አበልጄ ቤት የሄድኩት ከዚያ ነው። በሩን ራሱ ከፈተ። ለምን እንደመጣሁ ያውቃል፤ ልጁ ደውሎለት ይሆናል።

«ግባ፣ ምሳ ደርሷል» አለኝ።

«ለምሳ አይደለም የመጣሁት። የሰው እጅ ሰበርክ።»

«እኔ? እኔ ክሪክ አልሠራሁም።»

«አይሆንም ያልኩትን ይሆናል አስባልከኝ።»

«ብለሃል። ድምፅህ ነው። ማን ነው የሚክደው?»

«ስለ አሮጌው ነው ያልኩት።»

«ይኼ ኤዲት ይባላል ወንድሜ። ሁሉም ያደርገዋል። አንተ ጋራዥ ውስጥ በነፃ ትለፈልፋለህ፤ እኔ ሥራ አደረግኩት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ለእኔ ያዘነ ይመስላል። «ደግሞ አስብ እንጂ። ሀ ሁ ብዬ ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ። ዛሬ አንተ እኔን ልትከስ?»

እውነት ነው። ፊደሉን የሰጠኝ እሱ ነው። አሁን ሳስበው፣ እንደዚያ ያለ ሰው ሲሸጥህ መጮህ እንኳ አትችልም፤ የምትጮህበትን ቃል ያስተማረህ እሱ ነው። ወጥቼ ሄድኩ።

እሱ ግን ዝም አላለም። ከክሪኩ ሻጮች የሚያገኘውን ኮሚሽን ተካፍለናል ብሎ አስወራ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሰው ሰላምታዬን እያሳጠረ ሄደ። አንዱ፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ደግሞ የትኛውን ያስገዙናል?» ብሎ በሰው ፊት ቀለደብኝ፤ ሰዎቹም ሳቁ። ቅዳሜ ጋራዤን እከፍታለሁ፣ ማንም አይመጣም። እኔ ዲግሪ የለኝም፤ ሰው የሚያምነኝ ይኼ ጥሩ ነው ያልኩት ጥሩ፣ ይኼ መጥፎ ነው ያልኩት መጥፎ ሆኖ ስላገኘው ነው። ያ ከተወሰደብኝ አንድ ቧንቧ ጠጋኝ ነኝ።

ሹፌሩን ይዤ ሽማግሌ ጠየቅኩ። ሁለት ሆኑ። አንዱ የእኛ ቄስ ናቸው፤ ሌላው ታከር የሚኖሩ ሀጂ፣ ሹፌሩ የሚያከብራቸው። እሑድ ከሰዓት ሀጂው ቤት በር ላይ፣ መኪና መግቢያው ላይ ወንበር ተደርድሮ ተቀመጥን። አበልጄ ሱፉን ለብሶ በአዲሱ መኪናው መጣ።

ሹፌሩ የደረሰበትን ተናገረ። እኔ የተናገርኩትን ተናገርኩ። አበልጄ ተነሥቶ፣ «እሱ ስለ ቀዩ ክሪክ ነው የተናገረው፤ እኔ ያሳጠርኩት እንዳይረዝም ብዬ ብቻ ነው። ክሪኩም ደህና ነው፤ አጠቃቀሙን አላወቀበትም» አለ። ያልተቆረጠው የት አለ ሲባል፣ ጠፋ አለ። ልጁን አላነሣሁም።

ቄሱ፣ «እንግዲህ ምስክር ከሌለ መማል ነው» አሉ።

አበልጄ ወዲያው፣ «እምላለሁ አባቴ፤ መስቀልዎን ይስጡኝ» አለ።

ሹፌሩ ወደ ሀጂው ዞረ። «አባባ፣ እሱ በመስቀል ቢምል ለእኔ ምኔ ነው?»

ሀጂው ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። «ልክ ነው። አንተም በቁርኣን ብትምል ለእሱ ምኑ ነው?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉ ቄሱ።

«እኔም እሱን እያሰብኩ ነው፤ እርስዎ ቄስ አይደሉ፣ ይንገሩን እንጂ» አሉ ሀጂው።

ቄሱ ሳቁ። ሹፌሩ ያመጣው ቀይ ክሪክ ወንበሬ አጠገብ ተቀምጧል። ተነሣሁ።

«መሐላውን ተዉት» አልኩ። «መስቀልንም ቁርኣንንም ለማይፈራ ሰው መሐላ ቀላል ነው። ክሪኩ ደህና ነው ብሏል። ይኸው ክሪኩ፣ ያቺው መኪናው። ያንሣትና እሥሯ ይግባ። ከገባ እኔ ነኝ ውሸታሙ፤ እዚሁ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።»

ቄሱ ሀጂውን አዩ፣ ሀጂው ሹፌሩን አዩ። ሀጂው፣ «እንግዲህ ሁለታችንንም የሚያገለግል መሐላ ነው» አሉ።

አበልጄ እንደ መሳቅ አለ። ኮቱን አወለቀ፣ ወንበሩ ላይ አጠፈው። ክሪኩን ከመኪናው ሥር አስገብቶ ፓምፕ ማድረግ ጀመረ። መኪናዋ ተነሣች። ጎማው ከመሬት ለቀቀ። እጁን ጠራረገ።

«ግባ እንግዲህ» አሉ ቄሱ፤ የሚገቡት ራሳቸው ይመስል ድምፃቸው ፈራ።

አበልጄ ተንበረከከ። አንድ እጁን አስፋልቱ ላይ አደረገ። ወደ ክሪኩ አየ፣ ወደ ሹፌሩ ፋሻ አየ። እንደዚያው ተንበርክኮ ቆየ። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ።

«ወገቤን ያመኛል» አለ።

«እኔም ያመኛል» አሉ ሀጂው። «እኔ ግን ክሪክ አልሸጥኩም።»

አበልጄ ኮቱን ለበሰ። ቀና ብሎ አላየኝም። ዓይኑን እፈልገው ነበር፤ እንዲያፍር ብዬ አይደለም። አንድ ቃል እንዲለኝ ነው። የኮቱን ቁልፎች እየቆለፈ ተቀመጠ።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልጻፍ፦ ክሪኩ ያን ቀን አልሰመጠም። ሽማግሌዎቹ ፍርዱን ሲነጋገሩ፣ ሻይ ሲመጣ፣ ሻይ ሲጠጣ፣ መኪናዋ እንደተነሣች ቆመች። አንድ ሁለቴ ዞሬ አየኋት፤ ወይ ፍንክች። መጥፎ ርካሽ ዕቃ ማለት ይኼ ነው። ሁልጊዜ ቢወድቅ ማን ይገዛው ነበር? ደህና ደህናውን ቀን ይቆምና ታምነዋለህ። አበልጄም ከሃያ ዓመት በላይ ቆሞልኛል።

ፍርዱ አጭር ነበር። የሹፌሩን ሕክምናና ሥራ የፈታበትን ይሸፍን፤ ደግሞ እዚያው ያወጣበት ቦታ ላይ፣ በራሱ ፊትና በራሱ አፍ፣ ያ ድምፅ ስለ ሌላ ክሪክ እንደነበር ይናገር፤ እኔም ምንም እንዳልተካፈልኩ ይናገር። ከዚያ ቄሱ ተሳሳሙ አሉን። ጉንጬን ሰጠሁ። ይቅር አልከው ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ጉንጬን ሰጥቻለሁ።

ሕክምናውን ከፈለ። የመናገሩን ነገር ግን ዛሬ ነገ እያለ አንገላታን። ድምፄ ተዘግቷል አለ፤ ልጁ ጊዜ የለውም አለ፤ ክረምቱ ይውጣ አለ። ሀጂው ሁለት ጊዜ ደጁ ድረስ ሄደው ቆሙ። በመጨረሻ ሱፍ ለብሶ፣ አጭር አድርጎ፣ ወረቀት እያነበበ ተናገረው። «ስሕተት ተፈጥሯል» አለ እንጂ «ዋሽቻለሁ» አላለም። ስሜን ግን አነጻው፤ የቀድሞውንም ቪዲዮ አጠፋው።

ሹፌሩ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ አንድ ጣቱ አይታጠፍለትም። ከእኔ ክሪክ ተውሶ ሄዷል፣ እስካሁን አልመለሰም፣ አልጠይቀውም። ቅዳሜ ሰው መምጣት ጀምሯል፤ ገንዘቡን ሁለቱም በልተውታል የሚልም አልጠፋም። የክርስትና ልጄ በበዓል ይደውልልኛል፣ እንነጋገራለን፣ አባቱን አናነሣም። ከአበልጄ ጋር ቤተ ክርስቲያን እንተያያለን፤ እሱ በአንድ በር፣ እኔ በሌላው እንወጣለን።

የማስተባበያው ቪዲዮ የወጣው፣ ነገሩም በሽማግሌ አልቋል የተባለው፣ ቅዳሜ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።